የጢስ ዓባይ እግር መንገድና የዐፄው ድልድይ



ወደ ጢስ ዓባይ የሚሄድ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ስለ ውኃው ነው። ከስንት ሜትር ይወድቃል? ዘንድሮ በርክቷል ወይስ አንሷል? ፎቶግራፍ ለማንሣት የሚመቸው ከየት ላይ ቆሞ ነው? እያለ ይጠይቃል። ጥያቄው ነውር የለበትም። ነገር ግን ከመንደሩ ተነሥቶ ወደ ፏፏቴው የሚያደርሰው የእግር መንገድ ለምን በዚህ በኩል ወረደ፣ ማንስ ቀደደው ብሎ የሚጠይቅ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። እኔም ራሴ መጀመሪያ በሄድሁ ጊዜ አልጠየቅሁም። ዐይኔን ከሩቅ በሚታየው የውኃ ጢስ ላይ ተክዬ ስቸኩል፣ ከእግሬ ሥር ያለውን አራት መቶ ዓመት የሚጠጋ ሥራ ረግጬ አለፍሁ። በሬዲዮ ላደመጣችሁኝና አሁንም በዚህ ገጽ ለምታነቡኝ ሁሉ ያንን ጉድለቴን ልክስ አስቤአለሁና፣ ዛሬ ቀስ ብለን አብረን እንድንሄድ እለምናችኋለሁ። ዓመታቱን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ዓባይ ከጣና ባሕር የሚወጣው በባሕር ዳር ከተማ አጠገብ ነው። ከዚያ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል በደልዳላ አገር ላይ እየተንሸራሸረ፣ በደሴቶች መካከል እየተከፋፈለ፣ ጉማሬ በሚያድርበት ጥልቅ ውኃ ላይ እያረፈ ይወርዳል። እንዲህ ያለውን የዋህ ውኃ ያየ ሰው ወዲያው የሚገጥመውን አይጠረጥርም። ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በድንገት ያልቅና ወንዙ ከአርባ ሜትር በላይ ከሚሆን ገደል ይወድቃል። ክረምት ሲሞላ የሚወድቀው ውኃ ስፋት አራት መቶ ሜትር ይደርሳል። የአገሩ ሰው ጢስ ዓባይ ያለው ከሩቅ የሚነሣውን ጭጋግ አይቶ ነው። ጢስ እሳት የሚለው ስምም ከዚያው የመጣ ነው።

መንደሩ ከፏፏቴው በላይ ነው። መኪና የሚመጣው እስከዚያ ድረስ ስለ ሆነ ከዚያ ወዲያ ያለው የእግር ጉዳይ ነው። መንገዱ በእርሻ ዳር አልፎ ወደ ወንዙ ቁልቁል ሲወርድ ድንጋዩ እየበዛ ይሄዳል። ድንጋዩን ተመልከቱት። ዳርና ዳሩ ሻካራ ሲሆን መካከሉ ግን እንደ ወፍጮ መጅ ልሟል። ይህን ያለሰለሰው የጎብኚ ጫማ አይደለም፤ እህልና ጨው የተጫነ አህያ ኮቴና ባዶ እግር ነው። ወደ ገበያ የሚሄድ ሰው ከፊት ለፊታችሁ ሲመጣ ዳር ይዛችሁ አሳልፉት፤ ሸክም ያለበት ሰው ይቀድማልና። «እንዴት ዋላችሁ» ሲላችሁም ቆማችሁ መልሱ። በዚህ መንገድ ላይ ሰላምታ ሳይሰጥ የሚያልፍ ሰው ወይ የተጣላ ነው ወይ የከተማ ሰው ነው።

መንገዱ ወደ ታች ወርዶ ሲያበቃ አንድ ነገር ያስደንቃል። ጥቂት ቀደም ብሎ አራት መቶ ሜትር ተንጣሎ የወደቀው ወንዝ እዚህ ሲደርስ በሁለት ቋጥኞች መካከል ተጨንቆ፣ ጠባብ ጉድባ ውስጥ ገብቶ፣ ድምፁ እንጂ መልኩ የማይታይ ሆኗል። በበጋ ወራት ከላይ ቆሞ ወደ ታች የሚመለከት ሰው ዓባይ ይህ ነውን ብሎ ይጠራጠራል። የመንገዱ ምስጢር ያለው እዚህ ነው። መንገዱ የወረደው ፏፏቴውን ለማሳየት አይደለም። ታላቁ ወንዝ በዚህ ስፍራ ብቻ በእንጨት ርዝመት የሚለካ ስለ ሆነ ነው። አንዱ ዳር ጎጃም ነው፤ ሌላው ዳር በጌምድር ነው። በሁለቱ መካከል የሚመላለስ ነጋዴ፣ ወታደር፣ መነኩሴና ሙሽራ ሁሉ ክረምት በገባ ቁጥር ከዓባይ ዳር ቆሞ ማሰብ ነበረበት።

በላይኛው በኩል፣ ውኃው ረጋ ባለበት፣ የደንገል ታንኳ ሰውን ያሻግራል። ታንኳ ግን ከብትና ጭነት ሲበዛ አይችልም። በሌላ ስፍራ የተነፋ አቁማዳ ታቅፎ የሚዋኝ ይዋኛል፤ የማይዋኝ መስከረምን ይጠብቃል። የጎጃምና የበጌምድር ሕዝብ በቋንቋ አንድ፣ በሃይማኖት አንድ፣ በጋብቻ የተሳሰረ ሲሆን፣ ወንዙ በዓመት ውስጥ ለብዙ ወራት ሁለት አገር ያደርገው ነበር። ለነገሥታቱም ቢሆን ነገሩ ቀላል አልነበረም። ከጣና ዳርቻ ተነሥቶ ጎጃምን የሚያስተዳድር ንጉሥ ሠራዊቱን በጊዜው ማሻገር ካልቻለ፣ ትእዛዙ ከወንዙ ወዲህ ይቀራል።

ዐፄ ሱስንዮስ ከ1607 እስከ 1632 ድረስ የነገሡ ንጉሥ ናቸው። አብዛኛው ዘመናቸው በዘመቻ ያለፈ ስለ ሆነ ዓባይን ስንት ጊዜ እንደ ተሻገሩ ከእርሳቸው በቀር የሚያውቅ አይኖርም። ጄሮኒሞ ሎቦ የሚባለው ፖርቱጋላዊ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ከ1625 ጀምሮ በአገራችን ተቀምጦ ያየውን ጽፎአል። እርሱ እንደሚለው ከድልድዩ በፊት በዚህ ጠባብ ስፍራ ላይ ግንድ ጋድመው ሠራዊቱን በእርሱ አሳልፈው ነበር። ከዚያ በኋላ ንጉሡ ከሕንድ ግንበኞች አስመጥተው በዚያው ስፍራ የድንጋይ ድልድይ አሠሩ። በዓባይ ላይ የተሠራው የመጀመሪያው ድልድይ ይህ መሆኑንና በአውራጃዎቹ መካከል የሚደረገውን ንግድ እንዳቀለለው ሎቦ መስክሮአል። ሥራው የተፈጸመው በ1626 ገደማ ነው።

እስቲ አስቡት። በግንድ ላይ የተሻገረ ንጉሥ፣ ግንዱ ከእግሩ ሥር ሲንቀጠቀጥ ከታች የሚጮኸውን ጉድባ ያየ ንጉሥ፣ ድንጋይ ይሁንልኝ ቢል ምን ይገርማል?

ሕዝቡ ድልድዩን አጋም ድልድይ ይለዋል፤ ለእንግዳ ሲነግር ደግሞ የፖርቱጋል ድልድይ ይላል። በዚህ በሁለተኛው ስም ላይ ጥቂት መናገር እፈልጋለሁ። አገር አስጎብኚውም፣ የጉዞ መጽሐፉም፣ ከመንገድ ዳር ቅል የምትሸጠው ልጅም ይህንኑ ስም ይደግሙታል። በመጻሕፍት እንደምናገኘው ግን ያዘዙት የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ናቸው፤ የገነቡት ከሕንድ የመጡ ባለሙያዎች ናቸው፤ ድንጋዩን ከገደሉ አፍ ያቀረበው የአገሩ ሰው ነው ብንል የምንሳሳት አይመስለኝም። ከዚያ ወገን ለፖርቱጋሎች የሚተርፈው እጅ የለም ማለቴ አይደለም። ግንበኞቹ በመጡበት በሕንድ በኩል ያለው የባሕር መንገድ በዚያን ጊዜ በእነርሱ ቁጥጥር ሥር ነበር፤ በኖራ የመገንባትም ጥበብ በዚያ ዘመን የተስፋፋው ከእነርሱ ጋር በተደረገው ግንኙነት ነው። ነገር ግን ሥራ በአማካሪው ስም ሲጠራና ያሠራው፣ የሠራውና የተሸከመው ሲረሳ ዝም ማለት አይገባኝም። አንድ ጊዜ በድልድዩ አጠገብ ጥላ ይዘው የተቀመጡ ሽማግሌ ይህንኑ ጉዳይ ባነሣባቸው ስቀው፣ ስሙን የሰጠው የተሻገረበት ሳይሆን ያየው ነው አሉኝ።

ኖራው በእንቁላል ተለውሶ ነው የሚልም ወሬ አለ። ይህ ወሬ በአገራችን ስለ ብዙ አሮጌ ግንብ ይነገራል። የዚያ ዘመን ጸሐፊዎች በአድናቆት የሚያወሩት ስለ ኖራው መገኘት ነው። እንቁላሉን ከአፍ ታሪክ ላይ አናጥፋው፤ ልጆች ይወዱታልና። ከመጽሐፍ ላይ ግን አንጨምረው።

ድልድዩ ሲሠራ አገሩ በሃይማኖት ክርክር ይታመስ ነበር። ንጉሡ የካቶሊክን እምነት ተቀብለው ሕዝቡን ለማስከተል በሞከሩ ጊዜ ብዙ ደም ፈሰሰ። በ1632 የቀድሞው ሃይማኖት ይመለስ ብለው መንግሥቱን ለልጃቸው ለዐፄ ፋሲል ተዉ። ወዲያውም ኢየሱሳውያኑ ከአገር ወጡ። በዚያ ዘመን ከተደረገው ሁሉ ማንም ሳይከራከርበት የተቀበለው ነገር ቢኖር ይህ ድልድይ ነው። ከየትኛውም ወገን የሆነ ሰው ተሻግሮበታል።

ድልድዩን ስትሻገሩ አንድ ጊዜ ከመካከሉ ላይ ቁሙ። ትልቁ ቅስት ከጉድባው በላይ ተወጥሮ ይታያል፤ ወደ ዳር ያሉት ትንንሾቹ በበጋ ደረቅ ሆነው ቆመዋል። ያለ ሥራ የተቀመጡ እንዳይመስሏችሁ። ክረምት ወንዙ ከጉድባው አልፎ ሲወጣ ውኃው ድልድዩን ገፍቶ እንዳይጥለው በእነርሱ በኩል ይተነፍሳል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 በዚህ በኩል ሲያልፍ ድልድዩ መከታው ፈርሶ እንደ ነበረ ጽፎአል። አካሉ ግን ጸንቶ ነበር፤ ዛሬም ጸንቶ አለ።

ይህ ብሩስ ከሎቦ ጋር የገባበት ጠብ ለመንገዳችን ጨዋታ ይሆነናል። ሎቦ ከሚወድቀው ውኃ ጀርባ ከገደሉ ሥር ተቀምጦ፣ በመጋረጃው ውስጥ የሚታየውን ቀስተ ደመና በደስታ እንደ ተመለከተ ተርኮአል። መጽሐፉ በሳሙኤል ጆንሰን ተርጓሚነት በ1735 በእንግሊዝኛ ታተመ። ብሩስ ከዚያ በኋላ መጥቶ፣ ከፏፏቴው ሥር ጥልቅ ውኃ ስላለ ማንም ሰው ከዚያ ሊቀመጥ አይችልም፣ ካህኑ ዋሽቶአል ሲል በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ወቀሰው። የሚያስቀው ግን ብሩስ ራሱ የፏፏቴውን ቁመት አርባ ጫማ ያህል ብሎ መገመቱ ነው፤ ይህም አሥራ ሁለት ሜትር ማለት ነው። ከእውነተኛው ቁመት አንድ ሦስተኛ አይደርስም። ሰውን በውሸት የከሰሰ ሰው መለኪያውን ቢያስተካክል መልካም ነበር። እኔ እንደሚመስለኝ ሁለቱም ያዩትን ነው የተናገሩት። ብሩስ ያየው ዝናም የጨመረበትን ውኃ መሆኑን ራሱ ይናገራል፤ ሎቦ ደግሞ ወንዙ በጎደለበት ወራት ደርሶ ይሆናል። በአገራችን ወንዝ ያየ ሰው የየትኛው ወር ወንዝ እንደ ሆነ ካልተናገረ ምስክርነቱ ግማሽ ነው።

ከድልድዩ ወዲያ መንገዱ ወደ ላይ ይወጣል። እዚህ ያለው መንደር ጸጥ ያለ ነው። ጥቂት ቤቶች፣ በአጥር የተከበበ ጓሮ፣ ባሕር ዛፍ፣ ከዛፍ ሥር የቆመ በሬ፣ ወዲያው ደግሞ ጤፍ ወይም በቆሎ። ልጆች ነጠላና ቅል ይዘው ይከተላሉ። ካልገዛችሁ አታስቀይሟቸው፤ ከገዛችሁም ዋጋ አትክፈሉ ብዬ የምመክር ሰው አይደለሁም። ዳገቱን ስትጨርሱ ፊት ለፊታችሁ ገደሉ ይገለጣል። እስከዚህ የመጣችሁበት ውኃ ይኸው።

በዚህ ስፍራ ላይ የምናገረውን ሳልሸፋፍን ልናገር። በነሐሴና በመስከረም ለደረሰ ሰው ውኃው የጥንቱን ያህል ያስፈራል፤ ጭጋጉ ልብስ ያርሳል፤ አጠገብ የቆመ ሰው ድምፅ አይሰማም። በበጋ የሚመጣ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው ጥቁር ገደልና በላዩ ላይ የተዘረጋ ቀጭን ክር ነው። በ1976 በወጣው የአንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ ታትሞ በሕዝብ ሁሉ ኪስ ውስጥ የዞረውን ፏፏቴ ፈልጎ የመጣ እንግዳ፣ ተታለልሁ ብሎ አስጎብኚውን ይቆጣል። አስጎብኚው ምን ያድርግ?

ምክንያቱ የተሰወረ አይደለም። በ1964 ከፏፏቴው አጠገብ የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ። ኃይሉ 11.4 ሜጋ ዋት ነበር፤ ለባሕር ዳር ከተማና በዚያ ለተቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ብርሃንና ጉልበት ሰጠ። የሚወስደው ውኃ ጥቂት ስለ ነበር ፏፏቴው እምብዛም አልጎደለበትም። ከዚያ በኋላ በ1990ዎቹ ዓመታት ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በጨረጨራ የውኃውን መጠን የሚቆጣጠር ግድብ ተሠራ። በ2001 ደግሞ 73 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ጣቢያ ተከፈተ፤ የበጋው ውኃ ያን ጊዜ ወደ ቦዩ ገባ። በ2010 የበለስ ማመንጫ ሥራ ሲጀምር የጣና ውኃ በዋሻ ወደ በለስ ወንዝ እንዲሄድ ተደረገ። የዚህ ጣቢያ ኃይል 460 ሜጋ ዋት ነው።

አገር ያለ ኤሌክትሪክ ይደር የሚል ሰው ካለ መጀመሪያ በኩራዝ ያጠና ልጅ ይጠይቅ። እኔ ግን ከገደሉ ፊት ቆሜ የማስበው ሌላ ነው። ከዚያ በላይ ያለው መንደር ሰው ከጎብኚ የሚያገኘው ገንዘብ በውኃው ልክ ይሞላል፤ በውኃው ልክ ይጎድላል። ጀልባ የሚቀዝፈው፣ መንገድ የሚያሳየው፣ ቅል የምትሸጠው፣ ሁሉም የሚያድሩት በዚያ ክር ነው። ውኃው ሲቆረጥ ሒሳቡ የተሠራው በሜጋ ዋት ነበር፤ የእነርሱ ድርሻ በየትኛው ሚዛን እንደ ተመዘነ ብጠይቅ ከድፍረት አይቆጠርብኝም።

አሁን ለአንድ አፍታ ከዚህ ስፍራ ልውሰዳችሁ፤ መንገዱ ራሱ ወደዚያ ይመራልና። ዓባይ ከአጋም ድልድይ በታች እየጠለቀ ይሄዳል፤ ወደ ታች በሄደ መጠን ሸለቆው ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይጠልቃል። ሮበርት ቺዝማን የሚባል እንግሊዛዊ ከ1925 ጀምሮ በዳንግላ ቆንሲል ሆኖ ተቀምጦ ሳለ የወንዙን አካሄድ በበቅሎና በእግር ተከትሎ ካርታውን ሠርቷል፤ መጽሐፉም በ1936 ታተመ። ከጢስ ዓባይ በታች፣ በሞጣ በኩል፣ ጎጃምንና በጌምድርን የሚያገናኝ ሌላ አሮጌ የድንጋይ ድልድይ አለ። የተሠራው በዐፄ ፋሲል ዘመን እንደ ሆነ ይነገራል። ዛሬ የሚጠራበት ስም ሰባራ ድልድይ ነው።

የተሰበረውም እንዲህ ነው። ፋሽስት ኢጣልያ አገራችንን በወረረችበት ከ1936 እስከ 1941 ባለው ጊዜ አርበኞች የጠላት ጦር እንዳይሻገርበት መካከለኛውን ቅስት አፈረሱት። አባቶቻቸው በኖራ ያያያዙትን ድንጋይ በገዛ እጃቸው ፈለቀቁ። ይህን ለማድረግ ምን ያህል ልብ እንደሚጠይቅ የሚያውቀው በዚያ ድልድይ ወደ ገበያ የተመላለሰ ሰው ብቻ ነው። ድልድዩ የእነርሱ ባይሆን ኖሮ ማፍረሱ ቀላል ይሆን ነበር።

ጠላት ሄደ፤ ድልድዩ ግን አልተጠገነም። ከስድሳ ዓመት በላይ የሁለቱ ዳር ሰው በገመድ ተሻገረ። ተሻጋሪው ገመዱን በወገቡ ያስራል፤ በዚህ ዳር ያሉ ወንዶች ይለቁለታል፤ በዚያ ዳር ያሉት ይጎትቱታል፤ መካከል ላይ ሲደርስ ከእግሩ በታች ያለው ዓባይ ብቻ ነው። ከገበያ የምትመለስ እናት፣ ሐኪም ፍለጋ የሚሄድ ሕመምተኛ፣ ለቅሶ የሚደርስ ዘመድ በዚህ አኳኋን ተሳበ። ገመድ ይዞ የሚስበውም ሰው ነገ ራሱ ተሳቢ መሆኑን ያውቅ ነበር። ለአምስት ዓመት ጦርነት ሲባል የፈረሰውን ቅስት ዋጋ ከጦርነቱ በኋላ የተወለዱት ልጆችና የልጅ ልጆች ሲከፍሉ ኖሩ። አርበኞቹን አልወቅስም፤ ማንም ሊወቅሳቸው አይችልም። የምታዘበው የነጻነትን በዓል በየዓመቱ ስናከብር ያ ገመድ ትዝ ሳይለን መቅረቱን ነው።

በ2000 ዓመት መጨረሻ አንድ የአሜሪካ መጽሔት ሰዎች በገመድ ሲሳቡ የሚያሳይ ሥዕል አወጣ። ኬን ፍራንዝ የሚባል አሜሪካዊ ሥዕሉን አይቶ ተነሣ፤ በ2002 ከአገሩ ሰው ጋር ሆኖ የፈረሰውን ክፍተት በብረት አያያዘው። የወንዙ መልስ ሩቅ አልነበረም። በ2005 የደረሰው ጎርፍ ብረቱን ጠርጎ ወሰደው። ቀጥሎ በ2009 ከጎርፍ በላይ ከፍ ብሎ በሽቦ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። አሮጌው ከታች ተሰብሮ እንዳለ ቆሞአል፤ ሰውና ከብት ከላዩ ያልፋል።

ወደ ጢስ ዓባይ ልመልሳችሁ። ከገደሉ ፊት ለፊት የተነሣው መንገድ ዙሪያውን ዞሮ፣ በአላታ ወንዝ ላይ በተንጠለጠለው ድልድይ አልፎ፣ ከፏፏቴው በላይ ወዳለው ረጋ ያለ ውኃ ያደርሳል። ከዚያ ሞተር ያለው ጀልባ አሻግሮ ወደ መንደሩ ይመልሳችኋል፤ ጎብኚ ሁሉ የሚመርጠው ይህን ነው፤ ጉዞውን ያሳጥራልና። ጀልባው ላይ ተቀምጣችሁ ወደ ኋላ ብትመለከቱ፣ ከገበያ የሚመለሱት የወዲያኛው ዳር ሰዎች አብረዋችሁ እንዳልወረዱ ታያላችሁ። አህያ ጀልባ አይወድም። እነርሱ ፀሐይ ሳትጠልቅ በታችኛው መንገድ ወርደው፣ ከበስተ ኋላ እየነዱ፣ አንድ በአንድ በዐፄ ሱስንዮስ ድልድይ ላይ ያልፋሉ።